ሁለቱ መዝጊያዎች

አንድ አባት ነበሩ። ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባ ጋራዦች ውስጥ የተጋጨ መኪና ሲያቃኑና ሲቀቡ የኖሩ ባቲላሜራ ናቸው። እጃቸው የተመሰገነ ነበር። ደረታቸው ግን በወጣትነታቸው ያለ ማስክ በሳቡት የቀለም ብናኝ ተጎድቶ፣ በስተርጅና የቲነር ሽታ ብቻውን ያስላቸው ጀመር። ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ትልቁ ወንድ፣ ታናሿ ሴት።

አንድ ክረምት የግቢያቸው የብረት በር ከእግሩ ተበልቶ በአንድ ማጠፊያ ተንጠለጠለ። አባት በሩ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ በቁርጥራጭ ብረትነት ከመጫኑ በፊት ልጆቻቸውን ጠርተው አስጎነበሷቸው። "መሐሉን ተዉት፤ መሐሉ ደህና ነው" አሉ። "ብረት ማለቅ የሚጀምረው በጠርዙ፣ በብየዳው ስፌትና ውሃ በሚያድርበት ቦታ ነው።" ከዚያም ከታችኛው ጠርዝ የተላጠ የቀለም ቅርፊት አንስተው በመዳፋቸው ላይ ገለበጡት። ፊቱ እንደተቀባበት ቀን አረንጓዴ ነው። ጀርባው የዝገት ዱቄት ለብሷል። "እዩት፤ ቀለሙ ምንም አልሆነም። የከዳው የቆመበት ነው።"

ልጁ ይህ አልተዋጠለትም። "አባባ፣ ብረትን የሚያቆመው እኮ ቀለም ነው። የፓሪሱ ኤፍል ማማ በ1889 ተመርቆ እስከ ዛሬ የቆመው በየ7 ዓመቱ ገደማ ስለሚቀባ ነው። በአንድ ዙር 60 ቶን ያህል ቀለም ይፈጃል።" ያነበበው እውነት ነው፤ ፈረንጆቹ በራሳቸው የዘመን አቆጣጠር የጻፉት ነው። አባትም አልካዱም። "ቀቢዎቹ ብሩሽ ከማንሳታቸው በፊት ምን ሲሠሩ እንደሚውሉስ አላነበብክም?" ብለው ጠየቁት። ልጁ ዝም አለ። "ይፍቃሉ" አሉ አባት።

አዲሱ በር በነሐሴ መጀመሪያ ከብየዳ ቤት መጣ። ባለ ሁለት መዝጊያ ነው፤ ፍሬሙ ቱቦላሬ፣ ሆዱ ላሜራ፣ ከታች ደግሞ የጭቃ ፍንጣቂ እንዲመክት በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ በብሎን ታስሮለታል። አባት በያጁን አጥብቀው የለመኑት አንድ ነገር ነበር፦ ቀይ አንቲረስት ሳይነካው ይምጣ። በያጁ ተገረመ። ብዙ ቦታ በር ከብየዳ እንደወጣ ከነዘይቱና ከነጥላሸቱ ቀይ ይለብስና ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ባለቤቱም ቀዩን ሲያይ ብረቱ የተጠበቀለት ይመስለዋል። ይህን ልማድ ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። ጥሩ ብረት፣ ጥሩ ቀለምና የሰው ላብ አንድ ላይ ይባክኑበታል።

"የቀኙ መዝጊያ ያንተ፣ የግራው ያንቺ" አሉ አባት። "ኮምፕሬሰሬ አለ፣ መርጫዬ አለ፣ ቀለሙ አንድ ነው። እኔ እጄን አላስገባም፤ ስትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ሳትጠይቁኝ የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ብረት ራቁቱን የቆመ ይመስላችኋል። አይደለም።"

ይህን ብለው ጣታቸውን በላሜራው ላይ ጎተቱ። ጣታቸው ጠቆረ፤ ላሜራው በጉዞና በመጋዘን እንዳይዝግ ፋብሪካው የቀባው ዘይት ነው። ከማጠፊያው አጠገብ ያለውን ወፍራም ብረት አሳዩዋቸው። ብረቱ በእሳት ግሎ ሲዳመጥ ያበቀለው ሰማያዊ ግራጫ ቅርፊት ለብሷል። ጠንካራ ስለሆነ ራሱ ብረቱ ይመስላል፤ ዓመታት ሲፈራረቁበት ግን ተሰንጥቆ ይነሳል፣ የተሸከመውንም ቀለም ይዞ ይረግፋል። በስፌቶቹ ዙሪያ የኤሌክትሮድ ቅርፊትና ፍንጣቂ አለ። በየቦታው ደግሞ የበያጁና የጫኞቹ እጅ አርፎበታል። እጅ ላብ አለው፣ ላብ ጨው አለው፤ ጨው ባለበት ዝገት ይፈጥናል።

ወንድምየውን ሰነፍ ነበር ብዬ አላማውም። ማልዶ የተነሳው እሱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያልተቀመጠውም እሱ ነው። አንድ ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነክሮ መዝጊያውን ከላይ እስከ ታች ወለወለ። ጨርቁ እየጠቆረ ሄደ፤ እሱ ግን አልቀየረውም፤ እናም ከላይ ያነሳውን ዘይት ታች አስቀመጠው። ቀጥሎ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። ላሜራው አብረቀረቀ። የቀረው ዘይት ግን በብርጭቆ ወረቀቱ እየታሸ ወደ ጭረቶቹ ገባ፤ ከዚያ በኋላ በዓይን አይታይም።

"አባባ፣ ጸድቷል አይደል?" ብሎ ጠየቀ።

"ውሃውን ጠይቀው" አሉ። "ንጹህ ብረት ላይ ውሃ ስታፈስ ሳይቆራረጥ ተዘርግቶ ይወርዳል። ዘይት ያለበት ላይ ግን ይሸሻል፤ ጠብታ ጠብታ ይሆናል።"

"ብረት እንዳይዝግ እየለፋን ውሃ አፍስስበት ይሉኛል?"

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። አባትም እንደ ሞኝ ጥያቄ አልቆጠሩትም። "ወዲያው ትወለውለዋለህ፣ ፀሐይ ላይ ታደርቀዋለህ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ፍግፈጋ ታደርጋለህ። ለጥቂት ደቂቃ የነካው ውሃ አይጎዳውም፤ ለዓመታት የተቀበረ ዘይት ነው የሚጎዳህ።" ልጁ ግን ሰማዩን አየ። ከሰዓት በኋላ ሊዘንብ ነው። መዝጊያውን በላብ በራሰ መዳፉ ገፍቶ ወደ ግድግዳው አዞረና መርጨት ጀመረ። ፕራይመሩን ቀባ፣ ሳይቆይ አረንጓዴውን ደረበ፤ ቆርቆሮውንም ላሜራውንም በአንድ ዓይነት ቀለም አለበሰ። ከምሽቱ በፊት የቀኙ መዝጊያ ያበራ ነበር። እናቱ ከቤት ወጥተው እልል አሉለት።

እህቱ በዚያ ሰዓት ገና በዱቄት ሳሙናና በሙቅ ውሃ ላይ ነበረች።

የእሷን ሥራ በዝርዝር ልናገር፤ ዝርዝሩ ነው ታሪኩ። መጀመሪያ አጠበች፣ አለቀለቀች፣ አደረቀች። ከዚያ ሁለት ጨርቅ ያዘች፤ አንዱ ቲነር የነካው፣ ሌላው ደረቅ። በእርጥቡ ታሻለች፣ ቲነሩ ተኖ ዘይቱን እዚያው ጥሎት ሳይሄድ በደረቁ ታነሳለች፣ ጨርቁን ትገለብጣለች፣ ሲቆሽሽ ትጥላለች። እናት የቡናውን ከሰል ምድጃ ከግቢው ወዲያ ጫፍ አራቁላት፤ የቲነር ትነት እሳት ፍለጋ ሩቅ ይሄዳልና። ውሃ ስታፈስበት ግን ተቆራረጠ። ፊቷ ቀላ። እንደገና ሳሙና፣ እንደገና ሁለቱ ጨርቆች። በሁለተኛው ውሃው ከላይ እስከ ታች አንድ ሆኖ ወረደ።

ዘይቱ ከሄደ በኋላ ነው ወደ ብረቱ የገባችው። ፍንጣቂውን በመሮ አነሳች፣ የስፌቱን ቅርፊት መታ መታ አድርጋ አረገፈች፣ ሰማያዊውን ቅርፊት በሽቦ ብሩሽና በ80 ቁጥር ፈገፈገች። የቱቦላሬውን ስለት ጠርዞች በሞረድ አለዘበች። ይህን ያስተማሯት አባት ናቸው፤ ፈሳሽ ቀለም ከስለት ጠርዝ ወደ ግራና ቀኝ ይሸሻል፣ ጫፉ ላይ የሚቀረው ስስ ነው፣ ስለዚህ በር ሁሉ ከጠርዙ ይጀምራል ማለቅ። ከ80 ወደ 120፣ ከ120 ወደ 240 እያለሰለሰች ሄደች። ለቀለሙ መያዣ የሚሆን ጭረት ይቅር፣ ከቀለሙ በታች የሚታይ ግን አይቅር። ማስክ አልተለያትም። አባት በሳሉ ቁጥር ታጠብቀዋለች።

አንድ ቀን ወደ ማታ ሙሉ መዝጊያው ነጭ ብር መሰለ። ጎረቤት ተሰበሰበ። "ይሄ ቀለም ምን ያደርግለታል? እንዲሁ ተዪው እንጂ!" አሉ። አንዱ ዳሰሰው፣ ሌላዋ ፊቷን አየችበት፣ ልጆች ተደገፉት። እሷም ደክሟት ነበር፤ ኩራትም ነበረባት። ነገ በጠዋት እቀባዋለሁ ብላ ሸራ ጣል አድርጋበት ገባች።

ሌሊቱ የነሐሴ ሌሊት ነው። በማለዳ ሸራውን ስትገልጠው ብረቱ ላይ ሻይ የመሰለ ስስ ቀለም ተጋርዶበታል። የጎረቤቶቹ ጣት ባረፈበት ሁሉ ዝገቱ ጠቁሯል።

ወንድሟ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አዘነላት። "እህት ዓለም፣ በጣትሽ እኮ ይነሳል። ዱቄት ነው። ፕራይመር ንፊበትና ጨርሺ፤ ማን ያየዋል?"

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ሰዓት ነው። ወንድምየው የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ዱቄት ነው፤ በጣት ይነሳል፤ ማንም አያየውም። በጉልበት የደከመ ሰው በሐሰት አይታለልም፤ የሚታለለው እንዲህ በእውነት ነው። ምክሩ የቀረበላት ሥራዋን እንደመናቅ ሳይሆን እንደመጨረስ ሆኖ ነው።

ወደ አባቷ ሄደች። "አባባ፣ ልቀባው?"

"ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይፈልጋል" አሉ። "ከቀለሙ ሥር ቦታ የለም። ስለዚህ ቀለሙን ያነሳዋል።"

"እንግዲህ እንደገና ልፈግፍገው? ሙሉውን?"

"ሙሉውን መግለጥሽ ነው የጎዳሽ" አሉ አባት። "ከማምሸቱ በፊት የማትሸፍኚውን ብረት ለምን ትገልጫለሽ? ለዛሬ የምትችይውን ያህል ግለጪ፤ የገለጥሽውን ዛሬውኑ ሸፍኚ።"

ከዚያ በኋላ አሠራሯ ተለወጠ። መዝጊያውን በጠመኔ ከፋፈለችው። በየቀኑ ብረቱ ፀሐይ እስኪያገኝ ትጠብቃለች። ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት አትነካውም፤ ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት አየሩ ሞቅ ሲል ያልበዋል፣ ላቡም ለዓይን ላይታይ ይችላል። ሙያተኞች የብረቱ ሙቀት ጤዛ መጣል ከሚጀምርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት የሚሉት ስለዚህ ነው። ጓንት አድርጋ አንዱን ክፍል ትፈገፍጋለች፣ አቧራውን ታነሳለች፣ በሁለቱ ጨርቅ ትወለውላለች፤ ከዚያ በኋላ የሰው እጅ አይነካውም። የኮምፕሬሰሩን ውሃ ከሥሩ ታፈሳለች፤ የክረምት አየር ታንኩ ውስጥ ሲታመቅ ውሃ ይሆናልና፣ ያ ውሃ ከቀለሙ ጋር ቢወጣ ልፋቷ ከንቱ ነው። መርጫውን ከብረቱ አንድ ስንዝር ያህል አርቃ፣ ከጠርዙ ውጭ ጀምራ ከጠርዙ ውጭ እየጨረሰች፣ አንዱን መስመር በሌላው ላይ በግማሽ እየደረበች፣ ስስ አድርጋ ትረጫለች። የመጀመሪያው ዙር ብረቱን ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍን አትጠብቅም። በጣሳው ላይ የተጻፈውን ያህል ትቆያለች፣ ትደግማለች። ለቆርቆሮው ደግሞ ለዚንክ የሚሆን ሌላ ፕራይመር አስገዛች። የዘይት ቀለም በቀጥታ ዚንክ ላይ ሲውል ከዚንኩ ጋር ተዋሕዶ ከሥሩ ሳሙና ይፈጥራል፤ ሳሙና ላይ የቆመ ቀለም ደግሞ አይሰነብትም።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። የቀኙ መዝጊያ አረንጓዴ ነው፤ የግራው ግራጫ ፕራይመር ለብሶ ቆሟል። እናት "ሰው ምን ይለናል?" ብለው ተጨነቁ፤ የግራውን መዝጊያ ወደ ውስጥ ከፍተው ከግድግዳው ጋር አስጠጉት፣ እንግዳ እንዳያየው ቄጤማውንም ወደ ቀኝ አበዙት። የመጣው ሁሉ ቀኙን አመሰገነ። አንድ ዘመድ ልጁን "እጅህን ይባርከው" አሉት። እህቱ ድፎ ዳቦ ስታቀርብ ሰማች። ምንም አላለችም፤ ግን ከፍቷት ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባኝም። አባትም በዚያ ቀን አልተሟገቱላትም። ብዙ ሰዎች በዚህ ይወቅሷቸዋል። እኔ አልወቅሳቸውም፤ ሥራው ገና አላለቀም፣ የቀኙም ገና አልተፈተነም ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ የግራው መዝጊያ አረንጓዴውን ለበሰ። ሁለቱ ሲዘጉ አንድ ሆኑ። የትኛው የማን እንደሆነ የሚለይ አልነበረም። ወንድምየው ሳቀና "ታዲያ ያን ሁሉ መከራ ለምን አየሽ?" አላት።

በጥር የቀኙ ቆርቆሮ መላጥ ጀመረ። ዝናብ እንኳ አልነበረም። ቀለሙ በጥፍር ሲነሳ እንደ ወረቀት ሙሉውን መጣ። ወንድምየው ቀለሙን የሸጠለትን ሰው ተቆጣ፤ ሻጩ ግን ለግራውም የሸጠው ያንኑ ቀለም ነው። በሰኔ ከስፌቶቹ ቡናማ መስመር ወደ ታች መፍሰስ ጀመረ። በነሐሴ ከላሜራው መሐል፣ በሰው ደረት ከፍታ፣ ቀለሙ አረፋ ቋጠረ፤ አረፋዎቹም እየበዙ ሲሄዱ የእጅ ቅርጽ ያዙ። መዳፍ፣ አራት ጣትና አውራ ጣት። ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ታጥፋለች። ወንድምየው በልጅነቱ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ትንሿ ጣቱ ተሰብራ ጠማማ ሆና ቀርታለች፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቃታል።

ይህ ተአምር አይደለም። የትኛውም ቀለም ለውሃ ትነት ፈጽሞ ዝግ አይደለም፤ ጥቂት ጥቂት ያሳልፋል። ከሥሩ ጨው ካለ ጨው ያን እርጥበት ይስባል፣ ያከማቻል፣ ብረቱም እዚያ ላይ ይዝጋል። ላብ የነካው ቦታ ሁሉ ለብቻው ያብጣል። መዝጊያውን ወደ ግድግዳው የገፋበት መዳፍ ነበር።

ልጆች እየመጡ እጃቸውን ይለኩበት ጀመር። ወንድምየው አፈረ። በአንድ ምሽት አረፋውን በብርጭቆ ወረቀት ፈርፍሮ አረንጓዴ ነፋበት። ለጥቂት ወራት ጠፋ፤ በተከታዩ ክረምት ተመለሰ፣ በዚህ ጊዜ ጣቶቹ ወፍረው።

አባት አንድም ቀን አላነሱበትም። እህቱም አላነሳችበትም። እኔ ከዚህ ታሪክ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ትክክል ሆኖ መገኘቷን በሩ በየቀኑ ይናገርላት ነበርና፣ በእሷ አፍ ቢደገም ኖሮ ወንድሟ ወደ እሷ የሚመጣበት መንገድ ይዘጋ ነበር።

እሱም አንድ ቅዳሜ በራሱ ፈቃድ መጣ። ያን ጊዜ ከቤት ወጥቶ ለብቻው ይኖራል። የተበደረውን ግራይንደር በትከሻው ይዟል፤ የሽቦ ብሩሹንም ገጥሞለታል። "ዛሬ እስከ ብረቱ እገፈዋለሁ" አለ፤ መሰኪያውንም አነሳ።

"ወንድም ጋሼ፣ ቆይ" አለችው። ባልዲ አመጣች፤ ሙቅ ውሃና የዱቄት ሳሙና። "መጀመሪያ ይታጠባል። ሳታጥበው በግራይንደር ከገባህበት ላዩ ላይ ያለውን ቅባት ሁሉ ወደ ብረቱ ነው የምትነዳው። የድሮው ቀለም ላይ ደግሞ አቧራ አታስነሳ፤ ውሃ እያረጠብክ ፈግፍገው፣ ማስክም አድርግ። አባባን እያየህ።"

ማስኩን ተቀብሎ አጠለቀ። ጓንቱንም ሰጠችው፤ ትንሿ ጣቱ እስክትገባ ትንሽ ታገለ። ከዚያ ጠመኔ አንስታ በመዝጊያው ላይ መስመር አሰመረች፤ ከላይ ጀምሮ እስከ ክንዱ ርዝመት፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

"ይህቺ ብቻ?" አለ። "ይህማ እስከ ምሳ ያልቃል።"

"ፀሐይዋ ከዚህ ግድግዳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትሄዳለች" አለችው። "የታችኛውን ነገ ትገልጠዋለህ።"

ሰማዩን አየ፣ መስመሩን አየ፤ ግራይንደሩን መሬት አስቀምጦ እጁን ወደ ባልዲው ሰደደ።